ስም የሌለበት ጥላ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ መርፌ አልሰጡኝም። ጋሽ ታምራት፣ መርካቶ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጥላና መጋረጃ የሚሰፋበት ቤት ባለቤት፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጥግ ላይ ያለ በርጩማ አሳዩኝ። «እዚያ ተቀመጪና ካለቀው ጥላ ላይ የተረፈ ክር ልቀሚ» አሉኝ። ስፌት ተምሬያለሁ ብዬ አፌን ስከፍት «ተምረሽ ይሆናል፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን የተንጠለጠለ ክር አይወድም» ብለው ወደ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ዞሩ። መልአኩ ስለ ክር ያለውን አስተያየት ከየት እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክሬን ለቀምኩ።

በእኛ ቤት ሥራ ማዕረግ ነበረው። ጀማሪ ክር ይለቅማል። ቀጥሎ ገበር ይሰፋል። ገበር ከውጪው ወፍራም ጨርቅ፣ ከከፋዩ ሥር በውስጥ በኩል የሚገባው ስስ ጨርቅ ነው፤ ትንሽ ቢጣመም ከጥላው ሥር ቆሞ ሽቅብ ካላየ በቀር ማንም አያውቅበትም። ከገበር በኋላ በዙሪያው የሚንጠለጠለውን ዘርፍ መስፋት ይመጣል። ከዘርፍ ወደ ጥልፍ ይታለፋል። ጥልፍ ላይ የደረሰች ሴት ሻይ ሳትነሣ ይመጣላታል። ከሁላችን በላይ ቆራጩ ነው። ከፋይ ውድ ስለሆነ መቀሱን የሚይዙት ጋሽ ታምራት ብቻ ነበሩ። ሲቆርጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኛም አብረናቸው እንይዛለን።

ጥልፍ ላይ ስደርስ ጋሽ ታምራት የቤቱን ትልቅ ሕግ ነገሩኝ። «አስካለ፣ አበባው ቢጣመም ሰው ዝም ይላል። መስቀሉ ትንሽ ቢያዘነብልም ዝም ይላል። የራሱ ስም አንሶ ከታየው ግን በሩን ሰብሮ ይገባል።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወር ሳይሞላ አንዲት ሴትዮ «ስሜን ከሩቅ ሳየው ቀጭን ሆነብኝ» ብለው መጋረጃቸውን በታክሲ ጭነው መለሱልኝ። አወፈርኩላቸው።

አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ስለት ያለባቸው ነበሩ። ልጄን ዳርልኝ፣ ከክሱ አውጣኝ፣ ከአልጋ አንሣኝ ብለው ለምነው፣ ለደብሩ ጥላ አስገባለሁ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሲሳሉ እጃቸው ሰፊ ነው። እኛ ቤት ደረጃውን ሲወጡ ግን መርካቶ ትመለስባቸዋለች። «ለእግዚአብሔር እኮ ነው፣ ትንሽ ቀንሺ» ይሉኛል። «ለእግዚአብሔር ከሆነማ ጨምሩበት እንጂ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ሳይጨምሩ ይሄዳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የማልረሳቸው አቶ ደምሴን ነው። እርግጥ ስማቸው ደምሴ አይደለም። የብርድ ልብስ ጅምላ ነጋዴ ናቸው ብዬ የምጽፈውም የሚሸጡት ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ሕንፃ ለሕንፃ እየዞራችሁ እንዳትደክሙ።

አቶ ደምሴ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አንድ ነገር ያስገባሉ። አንዱን ዓመት መጋረጃ፣ ሌላውን ዓመት ጥላ። ሁሉም ላይ ስማቸው ከነአባታቸው ከነአያታቸው በወርቅማ ክር ይጠለፋል። አንድ ጊዜ ከስማቸው ሥር ሱቃቸው ያለበትን ሕንፃና ፎቁን እንድጨምርበት ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ለሚካኤል አድራሻ ልንሰጠው ነው?» አልኳቸው።

«ምን ይታወቃል» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ጋሽ ታምራት ጠረጴዛቸው ሥር ጎንበስ ብለው የወደቀ መቀስ መፈለግ ጀመሩ። መቀሱ እጃቸው ላይ ነበር።

የአቶ ደምሴ ጸሎትም እንደ ጥልፋቸው ጎላ ያለ ነው። ቅዳሴ ላይ «አቤቱ!» ሲሉ ከፊታቸው የቆመ ሰው ደንግጦ ዞር ይላል። ስለታቸው ገብቶ በማይክ ስማቸው ሲጠራ ደግሞ ሕዝቡ እልል እስኪል አይጠብቁም፤ ራሳቸው ያጨበጭባሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ደግ ናቸው። ደግነታቸው ግን ምስክር ካላገኘ አይረጋጋም።

ከሱቃቸው ፊት ለፊት አቶ ባዩ የሚባሉ ሌላ ጅምላ ነጋዴ አሉ። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ በዋጋ ይፎካከራሉ፤ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ በጥላ ስፋት። እኛ ከመሀላቸው ቁጭ ብለን ዘርፍ እንሰፋለን።

አንድ ዓመት መስከረም መገባደጃ ላይ አቶ ደምሴ ብቻቸውን መጡ። ድምፃቸው አብሯቸው አልመጣም። ተቀመጡና የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። ባለቤታቸው እትዬ አለምነሽ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባቸዋል። ቀዶ ጥገናው ከኅዳር ሚካኤል ቀጥሎ ባለው ሳምንት ነው። ዕጢው ክፉ ይሁን ደኅና የሚታወቀው ወጥቶ ሲመረመር ነው ብለዋቸዋል ሐኪሞቹ። እትዬ አለምነሽን አውቃቸዋለሁ፤ ገና ደረጃው ሥር እያሉ ሳቃቸው የሚቀድማቸው ሴት ናቸው። በጣም አዘንኩ።

«ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው» አሉ አቶ ደምሴ። «እስካሁን ካስገባሁት ሁሉ የሚበልጥ ጥላ አሠራለሁ፣ ቀድሜ አስገባለሁ አልኳቸው። እሳቸው ግን...»

«ምን አሉዎት?»

«ስም አታጽፍበት አሉኝ። በማይክ አታስጠራ። ራስህም ይዘኸው አትግባ። ለሚስትህም ቢሆን አትንገር። ዘንድሮ ለእግዚአብሔር ብቻ ስጥ አሉኝ።»

«ጥሩ ነዋ» አልኩ።

«ምኑ ነው ጥሩው?» አሉኝ።

ጭንቀታቸው ገባኝ። ይህን ትእዛዝ ካፈረሱ እትዬ አለምነሽ ከቀዶ ጥገናው የማይወጡ መስሏቸዋል። ንስሐ አባታቸው እንዲህ አላሉም፤ እሳቸው ራሳቸው የጨመሩት ነው። እናም ስማቸውን ማስጻፍ ይፈራሉ። ሳይጻፍ መኖርን ደግሞ በሕይወታቸው ሞክረውት አያውቁም።

ጋሽ ታምራት ለብቻዬ ጠርተው «ይህን ጥላ ከገበር እስከ ጉልላት አንቺ ሥሪው። የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። አፍሽንም አብረሽ ስፊው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ደምሴ ከሱቃቸው ይልቅ እኛ ቤት ይውሉ ጀመር። መጀመሪያ የመጡት ስለ ቀለም ነው።

«የሱቄ ታፔላ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ።

«ቀይ ሆኖ ጽሑፉ ቢጫ።»

«እንግዲህ ከፋዩ ቀይ፣ ዘርፉ ቢጫ ይሁን። ቀለም ስም አይደለም።»

ቀለም ስም አለመሆኑን ማስተባበል አልቻልኩም። ቀዩን ከፋይ ራሳቸው ሊመርጡ ወደ ሐጂ ሄዱ። ሐጂ ከፋይ የሚያቀርቡልን ነጋዴ ናቸው፤ የመስጊዱ ጎረቤት ሆነው የግማሽ አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ከእሳቸው ሱቅ ይወጣል። የሆነውን ሐጂ ራሳቸው በኋላ እየሳቁ ነገሩኝ።

አቶ ደምሴ ከፋዩን እየዳበሱ «ለምን እንደምገዛው አትጠይቀኝም?» አሏቸው።

«አልጠይቅህም» አሉ ሐጂ።

«እኔ እኮ መናገር አልችልም። ከጠየቅከኝ ግን መዋሸት አይገባኝም።»

«ለዚህ ነው የማልጠይቅህ» አሉና ከፋዩን ለክተው ሰጧቸው። አቶ ደምሴ በሩ ላይ ደርሰው አንድ ጊዜ ዞር ብለዋል አሉ፤ ምናልባት ሐጂ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ብለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ስለ ገበሩ መጡ።

«በውስጥ በኩል፣ በትንሹ፣ ስሜ ቢጻፍስ?» አሉኝ። «ከሥሩ የሚቆመው ዲያቆኑ ብቻ ነው።»

«ዲያቆኑ ማንበብ ይችላል ጋሼ።»

አሰቡበት። «እሺ፣ በከፋዩና በገበሩ መካከል ይሁን። እዚያ ማንም አያየውም። እግዚአብሔር ብቻ።»

«እግዚአብሔር ሳይጻፍም ያየዋል።»

«እሱስ ያየዋል» አሉ በቅሬታ። «ግን ቢጻፍለት ምን ይጎዳዋል?»

ሳቄን ለመዋጥ ክር በጥርሴ በጠስኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ቀልዱን የማየው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው ከልባቸው እየታገሉ ነው፤ ይህን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። መሳቄን ግን አልተውኩም።

እኔም ብሆን ከእሳቸው አልሻልም ነበር። ያን የመሰለ ጥላ እየጠለፍኩ የማን እንደሆነ አለመናገር ምላሴን ያሳክከኝ ጀመር። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች በየሰዓቱ «ይህ የማን ነው?» ይሉኛል። «የሰው ነው» እላለሁ። አቶ ባዩ ጭምር አንድ ቀን ሌላ ጉዳይ ያላቸው መስለው መጥተው ዘርፉን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ሰውዬው ደፋር ነው። ማነው?» አሉ። «ስም የለውም» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነገሩን አእምሯቸው ውስጥ እንዳስቀመጡት አልጠረጠርኩም።

ጥላው ደረሰ። እውነቱን ልናገር፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ስም ሊወጣ የሚገባው ቦታ ላይ የወይን ሐረግ ጠልፌበት ነበር። ጋሽ ታምራት ከፍተው ዞሩት፣ ዘርፉን አናፈሱት፣ ዘንጉን አወዛወዙት። ምንም አላሉም። ከእሳቸው ዘንድ ምንም አለማለት ምስጋና ነው።

ለበዓሉ ጥላውን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ቄሰ ገበዙ ተቀብለውኝ «ከማን ልበል?» አሉኝ። «ስማቸው እንዲጠራ ካልፈለጉ ምእመን» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ ጊዜ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም እንደማይገጥማቸው ከፊታቸው አነበብኩ።

ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ከዛፉ ሥር ቦታ ይዤ ስቆም አቶ ደምሴ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ጋቢያቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። «መቼ ነው የሚወጣው?» አሉኝ። «የስለት ጊዜ ሲደርስ» አልኳቸው። «ዘርፉ ይታያል ከዚህ?» «ይታያል ጋሼ።» «ቢጫው?» «ቢጫውም።»

የስለት ጊዜ ደረሰ። በማይኩ የእገሌ ምንጣፍ፣ የእገሊት ጧፍ ተባለ፤ እልልታው ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ቀዩ ጥላ ተከፈተ። ሕዝቡ አንድ ላይ «ውይ!» አለ። ማይኩ «ይህን ጥላ ያስገቡት ስማቸው እንዲጠራ ያልፈለጉ አንድ ምእመን ናቸው። እልል በሉ!» አለ። እንዲያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ስም ከተጠራላቸው ሁሉ በለጠ።

አቶ ደምሴ ደስ አላቸው። ለአፍታ ያህል።

ምክንያቱም ሰው ሁሉ ማን ይሆን እያለ ዙሪያውን ማየት ያዘ። አቶ ባዩ ከፊታችን ቆመዋል። ያን ዓመት ምንም አላስገቡም። አንዲት ሴት ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ «እርስዎ ነዎት አይደል? ልቤ ነግሮኛል» አለቻቸው። አቶ ባዩ እኔ አይደለሁም አላሉም። አንገታቸውን ደፉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ተዉ እባካችሁ» አሉ። «ተዉ እባካችሁ» በዚህ አገር ከመሐላ የጠነከረ አዎንታ ነው። ወዲያው ሰዉ እየመጣ ትከሻቸውን ይስም ጀመር።

አቶ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

«ተዉ እባካችሁ አለ!»

«ሰማሁ ጋሼ።»

የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። «አስካለ፣ እኔ ልናገር አልችልም። አንቺ ግን የከለከለሽ የለም። ሂጂና ንገሪያቸው።»

እውነትም የከለከለኝ ቄስ አልነበረም። ምላሴም ከመስከረም ጀምሮ ይህን ፈቃድ ሲጠብቅ ነበር። አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ከዚያ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ብቻ ዞር ብዬ «እትዬ አለምነሽስ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። በዚያ ጊዜ ታቦቱ ወጥቶ በፊታችን ደረሰ፤ ቀዩ ጥላ በላዩ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ አለ። አቶ ደምሴ በጉልበታቸው ወርደው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። «አቤቱ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላሉም። ታቦቱ አለፈ፤ ሰዉ ተነሣ፤ እሳቸው አልተነሡም። ራሳቸውን የሳቱ መስሎኝ ላናግራቸው ስል ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተውኳቸው።

ሲነሡ ግንባራቸው ላይ አፈር ነበር። አልጠረጉትም።

«ከመስከረም ጀምሮ ስለ ጥላው ሳስብ ከረምኩ» አሉኝ፣ በጭራሽ በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ። «ጠዋት ስነሣ ጥላው፣ ማታ ስተኛ ጥላው። ስለ እሷ አንድ ቀን እንኳ አልለመንኩም። ገና አሁን መለመኔ ነው።»



ወደ አቶ ባዩ ሳያዩ ወጡ። ከኋላቸው ሕዝቡ የአቶ ባዩን ትሕትና ሲያወራ ነበር። አንድ ልጅ እግር ሰባኪ ለምሳሌነት ሊጠቅሳቸው እንዳሰበ ሰማሁ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ለብዙ ቀን አቶ ደምሴ እኛ ቤት አልመጡም፤ እኔም ሥራ ላይ ሆኜ ደረጃውን ባዳመጥኩ ቁጥር መርፌ ጣቴን ይወጋኛል። በመጨረሻ ሐጂ ደወሉልኝ። ዕጢው ወጥቶ ተመርምሯል፤ ክፉ አይደለም። ጋሽ ታምራት የያዙትን መቀስ አስቀምጠው አማተቡ። እኔ ክር ወደ መርፌው ማስገባት አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ከፋሲካ በኋላ የእትዬ አለምነሽ ሳቅ ከደረጃው ሥር ተሰማ። ቀጠን ብለዋል፤ ሳቃቸው ግን ምንም አልጎደለበትም። አቶ ደምሴ ከኋላቸው ይከተላሉ። እትዬ አለምነሽ በሕመማቸው ጊዜ ለብቻቸው መጋረጃ ተስለው ነበርና ሊያሠሩ ነው የመጡት። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ሰው እንደ አቶ ባዩ ይሁን አስካለ! ያን የመሰለ ጥላ አስገብቶ ስሙን እንኳ ሳያስጠራ! እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ሰምቼ አለቀስኩ። የኔ ባል ግን...» ወደ አቶ ደምሴ ዞሩ። «ዓመት ዓመት መጋረጃ ነው፣ ጥላ ነው ስትል ኖረህ፣ እኔ የታመምኩ ዓመት እጅህ ታጠፈ? ለኔ አንዲት ጧፍ? አንዲት?»

ጋሽ ታምራት ከፋዩን ለመቁረጥ እንደተዘጋጁ መቀሱን አየር ላይ ያዙት። አቶ ደምሴ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አሁን ቢናገሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ ሚስታቸው ድነው ፊታቸው ቆመዋል፣ ምስክርም ሁለት አላቸው። ፊታቸው ቀላ።

«እውነትሽን ነው አለሜ» አሉ። «ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታህ ሚካኤልን ይድረሰው» አሉ እትዬ አለምነሽ፣ እየሳቁ። ቁጣቸው ዕድሜ የለውም። ክንዳቸውን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ያኮረፈ ልጅ እንደሚያባብሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስካለ፣ መጋረጃው ላይ ስሜን ጻፊልኝ። ጎላ አድርገሽ። ከበሩ እንዲነበብ።»

አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ሳቁ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። እትዬ አለምነሽ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁ፤ ማንም አልነገራቸውም። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጠለፍኩላቸው፤ ወርቅማውን ክር ሳልቆጥብ።

ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን የሰው ስም ስጠልፍ ኖሬያለሁ፤ አሁን ያንን የሚሠራው ኮምፒውተር ሆኗል። ስም ማስጻፍ ኃጢአት ነው አልልም፤ እንጀራዬ ነበር፤ ብዙ ደጋግ ሰዎችም አስጽፈዋል። ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ያህል ነው። ሰው ሲለምን ሰው ያየኝ ይሆን ብሎ ካሰበ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳዋል። አቶ ደምሴ ረስተውት ነበር፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዘርፍ ስመለከት ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ።